ለበሩ የቀረበው ጥግ

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ዘመድ ሠርግ ቢቸና ሄጄ በከተማዋ መግቢያ በኩል በእግሬ ሳልፍ፣ የድሮው የኬላ ቤት እስካሁን አለመፍረሱን አየሁ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግድግዳው ግን በአዲስ ጭቃ ተመርጓል። አንዲት ሴትዮ ውስጡን መደርደሪያ አሠርታ ጧፍና የንብ ሰም ትሸጥበታለች። ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ የሰሙ ሽታ ተቀበለኝና እግሬ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ "ምን ልስጥሽ?" አለችኝ። ምን እንደምፈልግ እኔም ስላላወቅኩ አንድ እስር ጧፍ ገዛሁና በበሩ በስተቀኝ ያለውን ጥግ ቆሜ አየሁት። መጥረጊያ ተደግፎበታል። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ጥግ የሚደገፈው ጠመንጃ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። እናቴ ነርስ ናት፤ ያኔ ሞጣ ተመድባ ስትሄድ "ደህና ቤት እስካገኝ ነው፤ እንዳታለቅሺ" ብላ እኔን አባቷ ዘንድ ተወችኝ። አባቷን እኔ አባየ እላቸዋለሁ፤ አገሩ ደግሞ አያ ዘለቀ ይላቸዋል። ቤታቸው ከቢቸና ወጣ ብሎ ከወንዙ ማዶ ነው። እቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አባየ፣ እኔና አክስቴ ስንዱ። አክስቴ እላታለሁ እንጂ ስንዱ የአባየ ታናሽ ወንድም ልጅ ናት። አባቷ የሞተው እሷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ አባየ አምጥተው ከእናቴ ጋር አሳደጓት። እንዴት እንደሞተ ስጠይቅ ግን ሁሉም ሰው ድንገት ሥራ ይበዛበትና "ሂጂ ውኃ ቅጂ" እባላለሁ።

እኔ ደግሞ መጠየቅ ከጀመርኩ አላርፍም። ስንዱ ሲመርራት "አንቺ ዓቃቤ ሕግ!" ትለኝ ነበር። ዓቃቤ ሕግ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ይብስባታል።

አብዝቼ የምጠይቀው ስለ ሞጣ ነበር። አውቶቡሱ በየጧቱ ከቢቸና ይነሳል፤ እናቴ እዚያ አለች፤ ታዲያ ለምን አንሄድም? አባየ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እናያለን የኔ ልጅ።" አባየ መንገድ የሚፈሩ ሰው አይደሉም። በቅሎ ፍለጋ በእግራቸው እስከ ሮብ ገበያ ሄደው ያውቃሉ፤ ለንግሥ መርጡለ ማርያም ይሳለማሉ። ሞጣ ሲባል ብቻ ነው "እናያለን" የሚሉት። እናቴ ስትመጣ በር ድረስ ወጥተው ይቀበሏታል፣ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ይሸኟታል፤ ያችን አውቶቡስ ግን ረግጠዋት አያውቁም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የደረስኩበት መደምደሚያ አባየን መኪና ያስመልሳቸዋል የሚል ነበር። ለእሳቸው ክብር ስል ምሥጢሩን ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለት ነገሮችም ስለ አባየ አስተውዬ ነበር። አንደኛው፣ ምንሽራቸውን ሳያነግቱ ከቤት አይወጡም። ማሳ ሲሄዱም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም፣ ጎረቤት ሲጠሩም ትከሻቸው ላይ ነው። ዝናራቸውን ወገባቸው ላይ ይታጠቁና ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። ጠመንጃው የኑግ ዘይትና የጭስ ሽታ አለው፤ አባየም እንዲሁ። ሁለተኛው፣ የትም ቤት ሲገቡ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነው የሚቀመጡት። ከበሩ ትይዩ ያለው ቦታ ከተያዘ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሰውም ያውቃልና ይነሳላቸዋል። አባየ ብርሃን ይወዳሉ ብዬ ነበር የማስበው። እቤት ስንበላ እኔም ብርሃን ወዳጅ ለመምሰል አጠገባቸው ወደ በሩ ዞሬ እቀመጥ ነበር።

ሕጉ የመጣው የዚያ ዓመት ዳግማ ትንሣኤ አልፎ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሞ ተናገረ። ከእንግዲህ ወደ ከተማ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ጥይቱን አውጥቶ፣ በሸራ ጠቅልሎ፣ ኬላ አስቀምጦ ይገባል። ሲወጣም ወንዙን ሳይሻገር ሸራውን መፍታት አይችልም። ዝናር መታጠቅም ቀርቷል። ሰዉ አጉረመረመ። አባየ ወደ ቤት ሄዱ፤ ራት ላይ ነው የተናገሩት።

"ሰው ልብሱን አውልቆ ገበያ ይግባ አሉ።"

"ጠበንጃ ልብስ ነው እንዴ አባየ?" አልኩ።

"ለለመደው ልብስ ነው።"

"ታዲያ እኔ ራቁቴን ነኝ?"

ስንዱ ሳቀች፤ አባየ ግን አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ መሄድ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆመው መሳለም ጀመሩ።

እኔ ግን ትምህርት ቤቴ ከተማ ውስጥ ስለነበር በየቀኑ በኬላው አልፋለሁ። የገበያ ቀንማ ከዚያ የሚበልጥ ትርዒት አልነበረም። ኬላውን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ነበር፤ ወጣት ነው፣ ረዥም ነው፣ ከመጣ ሁለት ወር አይሆነውም። ሕጉን ያወጣው እሱ ይመስል ገበሬው ሁሉ የሚሟገተው ከእሱ ጋር ነው።

"ዝናሩ ምን አደረገህ? ባዶ ነው እኮ!" ይላል አንዱ።

"ባዶም ቢሆን አባቴ፣ ሰው ያያል። ሰው ካየ ይፈራል።"

"የሚያስፈራ ሁሉ የሚቀመጥ ከሆነ እኔም አስፈራለሁ። እኔንም እዚህ አስቀምጠኛ!"

አንድ ቀን አንድ መነኩሴ አንካሴያቸውን ይዘው መጡ። አንካሴ ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዝ ነው። ሰይድ አየውና ግራ ገባው። ዱላ ተፈቅዷል፤ ብረት ተከልክሏል፤ ይሄ ሁለቱንም ነው። መነኩሴው "ለውሻ ነው ልጄ" አሉ። "ውሻው ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ገጠር?" አለ ሰይድ። ሰልፉ ቆመ። ሁሉም የየራሱን ፍርድ ይሰጥ ጀመር። በመጨረሻ ሰይድ "ብረቱ መሬት መሬቱን እያየ ከሄደ ይግቡ፤ ወደ ሰማይ ካየ አይቻልም" ብሎ ፈረደ። መነኩሴው ባርከውት ገቡ። ያን ቀን ሕግ ማለት እንዲህ እየተጠየቀ የሚሠራ ነገር መሆኑን አይቼ በጣም ደስ አለኝ። እኔም ተጠግቼ ማጭድስ አልኩት። ማጭድ ይገባል አለኝ። መጥረቢያስ? እጀታው ከወጣ ይገባል አለኝ። "የእርስዎስ ጠመንጃ የት ይቀመጣል?" ስለው ትከሻው ላይ ያለውን አየና "አብሽሪ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ሳቀ። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ሰይድ ጠመንጃዎቹን ለይቶ ለማስቀመጥ መላ ፈጥሮ ነበር። የለስላሳ ቆርኪ ቀጥቅጦ፣ ቁጥር ጽፎበት፣ በሲባጎ ጠመንጃው ላይ ሊያስር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አቻውን ቆርኪ ኪሱ ይከታል። አንድም ሰው እሺ አላለውም። "ምንሽሬ ላይ እንደ ወይፈን ቃጭል ልታስር ነው?" አሉት። "የገዛ ብረቱን የማያውቅ ወንድ አለ?" አሉት። ቆርኪዎቹን ለእኛ ለተማሪዎች አደለንና ተጫወትንባቸው። ጠመንጃዎቹ ያለ ምልክት በየግድግዳው ተደገፉ። ይባስ ብሎ አንድ ነጋዴ ሕጉ እንደወጣ አረንጓዴ ሸራ በጠመንጃ ልክ እያሰፋ መሸጥ ስለጀመረ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ።

በግድግዳው ስንጥቅ እያጮለቅኩ አያቸዋለሁ። ጨለማው ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ትምህርት ቤት ያረፈደ ተማሪ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ይቆም ስለነበር እነሱም አንድ ጥፋት አጥፍተው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ስንዱን "ምን አጥፍተው ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ስንዱ እንደሌላው ጊዜ አልተቆጣችም። የምትለቅመውን ስንዴ እያየች "ያጠፋም ያላጠፋም አለ" አለችኝ።

ግንቦት ላይ አባየ ተሸነፉ። የሞፈሩ ወገል ተሰብሮ ገበያ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሸራ ገዝተው፣ ምንሽራቸውን ጠቅልለው፣ እኔን አስከትለው ኬላ ደረሱ። ጥይቱን አወጡ፣ ጠመንጃውን አቀበሉ፤ ሆኖም እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም።

"በር አጠገብ አድርግልኝ" አሉት ሰይድን። "ለበሩ የቀረበው ጥግ ላይ።"

"አብሽሩ አባቴ። ሌላም አንድ ሰው እንዲሁ ነው የሚሉኝ፤ እዚያችው ጥግ ላይ።"

"ማናቸው?"

"ከሞጣ ወዲህ ካለ አገር ማር የሚያመጡ ናቸው። እዚህ አቅራቢያ የተዳረች ልጅ አለቻቸው። ጧት ገብተው ከቀትር በፊት ይወጣሉ።"

አባየ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ወዲያ ገበያ የምንሄደው ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ሆነ። እኔ ከሰዓት በኋላ ዕቃው ስለሚረክስ ነው ብዬ ደመደምኩ። ብልህ ሰው ናቸው ብዬም ኮራሁባቸው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ የገበያ ቀን እኛ ገና እንደገባን ሰማዩ ተደባለቀና በረዶ ወረደ። ገበያተኛው በየበረንዳው ተጠጋ፤ ሌላ ቀን ከቀትር በፊት የሚወጣውም ያን ቀን ዘግይቶ ኖሮ ሳይወጣ ቀረ። የኬላው ቤት ቆርቆሮ ያፈስ ነበርና ሰይድ ውኃ የነካቸውን ጠመንጃዎች አንስቶ ወደ ደረቁ ጎን አዛወረ፤ በላያቸውም ላስቲክ ጣለባቸው። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁሉም "ወንዙ ሳይሞላ!" እያለ ተግተልትሎ ወጣ። ሰይድ ጠመንጃዎቹን ወደየቦታቸው ለመመለስ ሲጣደፍ፣ ሰዉም በላዩ ላይ ሲጋፋ አየሁ። አባየ እጃቸውን ሰደው ከበሩ ጥግ አረንጓዴውን ሸራ አነሱና አነገቱት። መንገድ ላይ አንዴ ማንገቻውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። ወንዙን ስንሻገርም ውኃው ጉልበታቸው ድረስ ነበርና እኔን አዝለው ሸራ የሚፈቱበት ጊዜ አልነበረም።

እቤት ደርሰን እሳት ዳር ተቀመጥን። ጠመንጃው እንዲደርቅ አጠገቤ ተደገፈ። እርጥቡ ሸራ ሲሞቅ ሽታ ይወጣው ጀመር፤ የሚጣፍጥ፣ ቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ የሚል ሽታ።

"አባየ፣ የኛ ጠበንጃ እንዲህ አይሸትም" አልኩ። "ይሄ ሰም ሰም ይላል።"

አባየ ዞር ብለው አዩኝ። ሸራውን ሳብ አደረጉና ሰደፉን ገለጡ። እንጨቱ በሰም ታሽቶ ያብረቀርቃል፤ ከጎኑ የነሐስ ምስማር በመስቀል ቅርጽ ተመትቶበታል። አባየ እጃቸውን መልሰው ሰበሰቡ። ስንዱ ከጓዳ ስትወጣ አየችውና የያዘችው ሳህን ወደቀ።

"ይሄ ነው?" አለች።

"ይሄ ነው" አሉ አባየ።

ያን ምሽት ሳልጠይቅ ነገሩኝ፤ ወይም ለእኔ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰማሁ። የስንዱን አባት በድንበር ጠብ የገደለው የአንድ ሰው ጠመንጃ ነው፤ ሰደፉ ላይ የነሐስ መስቀል ያለው። ገዳዩ እስር ቤት ሞተ። ጠመንጃው ለታናሽ ወንድሙ ለአያ ቸኮል ተላለፈ፤ ደሙም አብሮ። አገሩ ሁሉ አያ ዘለቀ የወንድማቸውን ደም መቼ እንደሚመልሱ ሲጠብቅ ኖሯል። አባየ ሊገድሉ አልፈለጉም፤ መገደልም አልፈለጉም። ስለዚህ ሞጣ አይሄዱም፤ በአያ ቸኮል አገር ነው የሚታለፈው። ስለዚህ በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። አውቶቡስም ብርሃንም በነገሩ እንደሌሉበት ያኔ ገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባየ የሚፈሩት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጎረቤት ሰምቶ ደረሰ። አንዱ ቆሞ ጠመንጃውን አየና "እግዜር እጅዎ ላይ ጣለልዎ እኮ አያ ዘለቀ! የእርስዎንም አያ ቸኮል ይዘውታል። ቀድመው ቢነሱ ነው የሚሻል" አለ። አባየ ተነስተው በሩን ከፈቱለት። ሰውየው ከወጣ በኋላ ስንዱን አዩ።

"ደሙ ያንቺ ነው ልጄ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ስንዱ እያለቀሰች ነበር፣ ግን ድምፅ የለውም። ከዚያ ተነስታ የኑግ ዘይቱን ከመደርደሪያ አወረደች፣ ንጹሕ ጨርቅ ቀደደችና ያን ጠመንጃ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

"መጀመሪያ ይድረቅ" አለች። "ዝጎ ቢመለስ ምን ይሉናል?"

እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ወለወለችው። መስቀሉ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያ እሱንም ወለወለችው። አባየ እያዩዋት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። እኔ ብዙ ጥያቄ ነበረኝ፤ አንዱንም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

በማግሥቱ ጧት አባየ "ትርንጎ ከኔ ጋር ትምጣ" አሉ። ትርንጎ እኔ ነኝ።

"ልጅቷን!" አለች ስንዱ።

"ልጅ ይዞ ለጠብ የሚሄድ የለም። አያ ቸኮልም ይህን ያውቃሉ።"

ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ እንደምንሄድ ስሰማ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ነገሩ ሁሉ አልቆ ሞጣ እየሄድን ነው ብዬ የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። ስንዱ አላረመችኝም፤ ጸጉሬን እንኳ በቅቤ ለቀለቀችው። በመንገድ ላይ አባየ እጄን አጥብቀው ያዙ። ያን ያህል አጥብቀው ይዘውኝ አያውቁም።

ኬላው ጋ ስንደርስ ማዶ ካለው ወይራ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ጥምጥም አላቸው። ሲያዩን ብድግ አሉ፤ ባዶ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው ወደ ጎን አደረጉት። የሚያስፈራ ሰው ጠብቄ ነበር። ያየሁት ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። ያን ጊዜ እኔን አዩኝና ትንፋሻቸውን ረዥም አድርገው ለቀቁት።

ሰይድ ፊቱ ተቀያይሯል። የማን ጠመንጃ ከማን ጋር እንደተለዋወጠ ሰው ነግሮታል። "የእርስዎን ጎህ ሲቀድ አምጥተው አስረክበውኛል" አለ ለአባየ። "ያመጡትን ይስጡኝና እኔው አቀብላለሁ" ሊል ጀመረና ራሱን ነቀነቀ። "አይ። አሁንስ በራሴም አላምን። ሁለታችሁም ባላችሁበት ይፈታል፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ለይታችሁ ትወስዳላችሁ።"

ቤቱ ጠባብ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለአንድ በር ሁለት ሆነው ቆሙ። ማንም ጀርባውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ጠፋ። በመጨረሻ እኔ መሃላቸው ሾልኬ ገባሁ፤ እነሱም በግራና በቀኝ ተከተሉኝ። ሰይድ ሁለቱን ሸራዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፈታቸው። ሰይድ ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል።

እኔ መቻል አቃተኝ። "እርስዎ ንብ አለዎት?" አልኳቸው አያ ቸኮልን።

"ምን አልሽ ልጄ?"

"ጠበንጃዎ ሰም ሰም ይሸታል። እኔ ነኝ ከሽታው ያወቅኩት።"

"አለኝ፤ ቀፎ አለኝ" አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። ጠመንጃቸውን አነሱና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "አሁን ግን ሰም አይልም። ይሄ የኑግ ዘይት ነው። ዝናብ መትቶት ነበር፤ ዝጎ ይመለሳል ብዬ… ማን ነው የወለወለው?"

አባየ መለሱ። "ስንዱ ናት። የወንድሜ ልጅ።"

አያ ቸኮል የሚቀመጡበት ፈልገው አጡና ከበሩ አጠገብ ካለው ጆንያ ላይ ዝርፍጥ አሉ። መስቀሉን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት። "እሷው በጇ?" አሉ።

"እሷው በእጇ።"

"እኔም የእርስዎን ወልውየዋለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሌላ ዘይት አልነበረኝም፤ በሰም ነው ያሸሁት። ሌሊቱን ሙሉ አያ ዘለቀ በገዛ ብረቴ ሊመጡብኝ ነው እያልኩ ነው ያነጋሁት።"

"እኔም እንደዚያው" አሉ አባየ።

ያን ጊዜ ሰይድ እንደ መነቃቃት አለ። "ቆይ፣ ሁለታችሁም ለምንድን ነው ያቺን ጥግ የምትፈልጓት?" አለ። "የሚያፈሰው እኮ እዚያ ነው! ደረቁ ግድግዳ ባዶ ሆኖ ሁለታችሁም በር አጠገብ፣ በር አጠገብ! ባትሉኝ ኖሮ በምንም አይቀላቀሉም ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጀመሪያ የተያዩት ያኔ ነው መሰለኝ።

"እርስዎ ከመጡ ቀድሜ እንዳነሳው ነበር" አሉ አያ ቸኮል።

"እኔም እርስዎ ሳያነሱ" አሉ አባየ። ከዚያ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ፤ እየሳቁ ኖሯል። አያ ቸኮልም ጆንያው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፈኑ። የእሳቸው ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስካሁን አልለየሁትም።

አባየ ጠመንጃቸውን አንስተው አሸተቱት። ሰም ሰም ማለቱ አላስቀየማቸውም። ስንወጣ አያ ቸኮል "አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልላክ?" አሉ ከበስተኋላችን። አባየ ዞረው "ስንዱን ልጠይቃት" ብለው መለሱ። እኔ አውቶቡሱ እንዳለፈ ሳውቅ የበዓል ቀሚሴን እንደለበስኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሳላለቅስ አልቀረሁም።

አስታራቂ ሽማግሌዎች በፍልሰታ መጡ። ከሁለቱም አገር ቄሶችና ታላላቆች ወይራው ሥር ተሰበሰቡ፤ ሰይድም ባርኔጣውን አውልቆ ዳር ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ሴት ብዙ አትናገርም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ስንዱን ነበር የሚጠብቀው። ካሳ ምን ይሁንልሽ አሏት። ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

"ሰውየው ይምጡ፤ ገበያቸውን ይውጡ፤ ልጃቸውን ይጠይቁ" አለች። "ያ ብረት ግን ከቤታቸው አይውጣ። በኬላም አይቀመጥ። በዚህ መንገድ ላይ ዳግመኛ አልየው። ሌላ ነገር አልፈልግም።"

አያ ቸኮል መስቀል መትተው ማሉ። ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን በሽመል ብቻ ሲመጡ አያቸው ነበር። መንገድ ላይ ያገኙኝ እንደሆነ የማር እንጀራ ቁራሽ በቅጠል ጠቅልለው ይሰጡኛል። ስንዱ ማሩን አትቀምስም፤ እኔ ስበላ ግን ከልክላኝ አታውቅም።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ አባየ አንድ ጧት ጋቢያቸውን ደረቡና "ተነሽ፣ እናትሽ ዘንድ እንሂድ" አሉኝ። ምንሽሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሁለቴ አዩት፤ ከዚያ በሩን ዘግተው ወጡ። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻቸውን ይዳስሱ ነበር፤ ማንገቻው የነበረበትን። መኪና የሚያስመልሰው እኔን ሆኖ ተገኘ። በአያ ቸኮል አገር ስናልፍ አባየ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ሁሉ ያሳዩኝ ነበር።

እናቴ ሞጣ የተከራየችው አንዲት ክፍል ነበር። አባቷን በሯ ላይ ስታይ ጉንጫቸውን ስማ፣ እኔን አቅፋ፣ እየተደናበረች ቤቷን ታስተካክል ጀመር። ሁለት ዱካ አላት። አንዱን አንስታ ከበሩ ትይዩ፣ ከግድግዳው ጋር አድርጋ አስቀመጠችላቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የአባቷ ቦታ ነው።

"እዚህ ይቀመጡ አባባ።"

አባየ ዱካውን አዩት። ሌላኛውን ዱካ በእግራቸው ሳብ አደረጉና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡበት።

"ይሄ ይመቸኛል" አሉ።

እናቴ የውኃ ጆጎ እንዳነሳች ቆማ ቀረች። ከውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ሰው በደጃፉ ያልፋል፤ ጥላው አባየ ጀርባ ላይ አርፎ ይሄዳል። አባየ ዞር አላሉም። እኔም ሄጄ አጠገባቸው፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በሩ እንደተከፈተ ነበር።